እንግዳ «በቃኝ» ማለቱን በምን እንወቅ? የማንኪያውና የሁለቱ ጣቶች ነገር

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ሻይን የሚመለከት ቢሆንም መነሻው በቤታችን የደረሰ ጥቂት የሚያሳፍር ነገር በመሆኑ ከታሪኩ እጀምራለሁ። የምሠራው ከከተማው ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ነው፤ ማሽን ለመትከል ከመጡት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ከሁለቱ ጋር፣ ማለትም ከአንድ ቱርካዊና ከደቡብ ቻይና፣ ከካንቶን በኩል ከመጣ ቻይናዊ ጋር ተግባብተን ከርመናል። ጥር 12 ቀን ሚካኤልን ሸኝተን ስንመለስ ሁለቱንም ወደ ቤት ይዣቸው ገባሁ። ምሳው በሰላም አለፈ። እናቴ ጀበናዋን አቅርባ ሳለ «ሰዎቹ በአገራቸው አብዝተው የሚጠጡት ሻይ ነው» ብዬ ስለነገርኳት፣ ቡናውን ለኋላ አቆይታ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ከጨመረች በኋላ ዘመድ ከመንዝ ያመጣላትን ጦስኝ ቆንጠር አድርጋ አከለችበት፤ በዚህ ብርድ ለእንግዳ የሚገባው እንዲህ ያለው ሻይ ነው የሚል እምነት አላት። ከዚያም በትልልቁ ብርጭቆ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር አድርጋ፣ እስከ አፉ ድረስ ሞልታ አቀረበችላቸው።

ቱርኩ አንደኛውን አመስግኖ ጠጣ። ሁለተኛውን ሲጨርስ ማንኪያውን በብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሞ አስቀመጠው። እናቴ ይህን ስታይ ደነገጠች፤ ወደ እህቴ ዞር ብላ «የብርጭቆ ማስቀመጫ ሳትሰጪው ማንኪያውን የት ያድርገው?» ብላ ተቆጣቻት። ሰሐኑ መጣ። እናቴ ማንኪያውን በገዛ እጇ አንስታ ሰሐኑ ላይ አደረገችና ብርጭቆውን ዳግመኛ ሞላችው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ጠጣ፤ ማንኪያውንም መልሶ ብርጭቆው ላይ አጋደመው። እርሷም መልሳ አነሳችው፤ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» እያለች ቀዳች። በዚህ ዓይነት አምስት ብርጭቆ ጠጣ።

ቻይናዊው ደግሞ በተቀዳለት ቁጥር በሁለት ጣቶቹ ጠረጴዛውን ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርግ ነበር። እናቴ «ምነው እንዲህ አጣደፈኝ?» በሚል ስሜት ስትቸኩል ሻዩ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆው ጢም ብሎ ስለሞላና ስለሚፋጅም ሰውዬው ሊያነሳው አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ፉት አለለት።

ሰዎቹን ራሳቸውን ለምን አትጠይቅም ትሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በእንግድነት የጠሩትን ሰው «ያን ዕለት በዝቶብህ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከበደኝ። ስለዚህ የሌሎች አገሮችን የሻይ ሥርዓት የምታውቁ ሰዎች ብትረዱኝ ደስ ይለኛል። ማንኪያ ማጋደሙና በጣት መታ ማድረጉ ምን ማለት ነው? እንግዳ የበቃው መሆኑን በልዩ ልዩ አገር በምን ይገልጻል? ለእናቴ የምነግራት በቂ ነገር ሳልይዝ ሄጄ «አበዛሽባቸው» ብላት እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ።

የመሐል ሜዳው፦

ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ። ማንኪያን በብርጭቆ አፍ ላይ ማጋደም በቱርክ «በቃኝ፣ ከእንግዲህ አትቅዱልኝ» ማለት ነው። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለች ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ የእኔ ውርደት ደግሞ የእናንተ ቤት ታሪክ ግልባጭ ነው። መጀመሪያ የተጋበዝኩበት ቤት የጓደኛዬ እናት ዓይናቸውን ከብርጭቆዬ አይነቅሉም ነበር፤ ባዶ ሆኖ ማንኪያ ካልተጋደመበት ይሞሉታል። እኔ በአገራችን ወግ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «በቃኝ» እያልኩ በአፌ እለምናለሁ፤ እርሳቸው ግን ማንኪያዬን ነው የሚጠብቁት። ሰባተኛው ላይ ጓደኛዬ አዘነልኝና ማንኪያዬን ራሱ አጋደመልኝ። እናትህ የእንግዳዋን አፍ ስትጠብቅ እርሱ በማንኪያው ይናገር ነበር ማለት ነው።

አምስት ብርጭቆ መጠጣቱ ግን ቀላል አይደለም። የእነርሱ ብርጭቆ ወገቡ የቀጠነ፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ የእናትህ አምስት ብርጭቆ በእነርሱ ልክ ቢሰፈር ወደ አሥር ሳይጠጋ አይቀርም። የሚያፈሉትም በተነባበሩ ሁለት ማንቆርቆሪያዎች ነው። በታችኛው ውኃ ይፈላል፤ በላይኛው ሻይ ቅጠሉ በታችኛው እንፋሎት እየሞቀ ቀስ ብሎ ይበስላል። ሲቀዳ መጀመሪያ ከላይኛው ወፍራሙ ሻይ ጥቂት ይደረግና በታችኛው ውኃ ይቀጥናል፤ እንግዳው ወፍራም ወይም ቀጭን ብሎ ያዛል። ጥሩ ሻይ የሚባለው በብርሃን ሲያዩት ጠርቶ የቀላ ሲሆን፣ መልኩንም «የጥንቸል ደም» ይሉታል። ወተትም ቅመምም አይገባበትም፤ ስኳሩ በጎን ይቀርባል። ስለዚህ ሰውዬው የእናትህን ጦስኝና ቅርንፉድ ወድዶ ከሆነ በእውነት ወድዶት ነው።

ብዙ ሰው ሻይ ለቱርኮች ከጥንት የወረሱት መጠጥ ይመስለዋል። የቀድሞው መጠጣቸው ቡና ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንን ስላጡና ቡና ስለተወደደባቸው፣ መንግሥታቸው ዝናብ በማይለያት በሪዜ ሻይ እንዲተከል ገፋፋ፤ እዚያም የመጀመሪያው የሻይ ፋብሪካ የተከፈተው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ያ የማንኪያ ምልክት የአያቶቻቸው እንጂ የጥንት ነገሥታት ወግ አይመስለኝም። ለቡና ያላቸው አክብሮት ግን አልጠፋም፤ የአንድ ሲኒ ቡና ውለታ 40 ዓመት ይታወሳል የሚል ተረት አላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። አብሮኝ ያደረ ኢራናዊ ተማሪ ነበረ። ኢራኖች ስኳሩን ሻዩ ውስጥ አይጨምሩትም፤ ጉብ ያለውን ስኳር በጥርሳቸው ይዘው ሻዩን በእርሱ ላይ ያሳልፉታል። የገረመኝ ግን የጋባዥና የተጋባዥ ክርክራቸው ነው። «ታዓሩፍ» የሚሉት ወግ አላቸው፤ እንግዳ ሲቀርብለት መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ጋባዡ ይደግማል፣ እንግዳው እንደገና እምቢ ይላል፣ እውነተኛው መልስ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። «እንዲህ ያለውማ መንዝም አለ» ብዬው ነበር።

ጡረተኛው መምህር (አንኮበር)፦

ስለ ማንኪያው በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ ጣቱ እጨምራለሁ። በሁለት ጣት ጠረጴዛን መታ ማድረግ በደቡብ ቻይና፣ በተለይም በካንቶን አካባቢ «አመሰግናለሁ» ማለት ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ቺየንሎንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ማንነቱን ሰውሮ ሲዘዋወር በአንድ ሻይ ቤት ለአሽከሩ ራሱ ቀዳለት፤ አሽከሩም ተነሥቶ ቢሰግድ ጌታውን ስለሚያጋልጥ ጣቶቹን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ በማስነካት በጉልበቱ ፈንታ በጣቱ ሰገደ። እናትህ እንዳጣደፋት የቆጠረችው ሰው በየብርጭቆው እጅ ይነሳት ነበር።

መሙላቱን በተመለከተ ቻይናዎች አረቄውን ሙሉ፣ ሻዩን ግን ከአሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ይቀዳሉ፤ የቀረው ሦስት እጅ የወዳጅነት ቦታ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ከወግ በፊት ጣት ነው፤ ጆሮ የሌለው ሲኒ እስከ አፉ ከሞላ የሚያዝበት ቦታ የለውም። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። «ሲኒ» የምንለው ቃል ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ከሚለው የመጣ ነው፤ ሻይም ቢሆን የእነርሱ «ቻ» በፋርስና በዐረብ አፍ ዞሮ የደረሰን ነው። ደቾች ከፉጂየን ጠረፍ በመርከብ የወሰዱት ደግሞ «ቴ» የሚለውን ይዘው ሄዱ። ዕቃው ከነስሙ መጥቶልን አቀዳዱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ እኛ ሲኒን ጢም አድርገን ካልሞላን የሰሰትን ይመስለናል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ፍሬ ልምጣ። እናትህ ቡናውን ብታስቀድም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቡና መጨረሻው በውስጡ አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ይዘጋል፤ ከበረካ በኋላ እንግዳው ቢመርቅና ቢነሣ የሚቀየም የለም። ሻይ ግን በእኛ ዘንድ ስም ያለው ተራ የለውም። የቡናውን ያህል ስላልኖርንበት ማለቂያ አላበጀንለትም፤ የሚያስቆመው የእንግዳው ቃል ብቻ ነው፣ የእንግዳን ቃል ደግሞ በይሉኝታ የተነሣ አናምነውም። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያልን ያደግን ሰዎች የመጀመሪያውን «በቃኝ» ጨዋነት እንጂ መልስ አድርገን አንቆጥረውም። በሰሐራ የሚኖሩት ቱዋሬጎች ይህን ጣጣ በሦስት ብርጭቆ ዘግተውታል። አረንጓዴውን ሻይ በዚያው ቅጠል ሦስት ጊዜ ያፈሉታል፤ የመጀመሪያው እንደ ሞት የመረረ፣ ሁለተኛው እንደ ሕይወት፣ ሦስተኛው እንደ ፍቅር የጣፈጠ ነው ይላሉ። ከሦስተኛው በፊት መነሣት ነውር ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን ሁሉም ነጻ ነው።

እናትህ «የእኛ ወግ ይህ ነው» ብላ ብትከራከርህ ስለ እዚሁ አገራችን ልትነግራት ትችላለህ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር የሸዋ መናገሻ ሳለች፣ ከተራራው ሥር አልዩ አምባ ላይ የእስላም ነጋዴዎች ቡናቸውን ሲጠጡ ላይኛው የክርስቲያን አገር ቡናን የእነርሱ መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ነበር። ይህ አስተሳሰብ እየላላ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ስለነበርና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ስለጣሩ። አቦልም ቶናም በረካም ሥራቸው ዐረብኛ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና በረከት ማለት ነው። ዛሬ የእናቶቻችን ወግ የምንለው ከጎረቤት የተማርነው ከሆነ፣ የማንኪያዋን ምልክት መጨመር ብዙ የሚከብድ አይመስለኝም።

የቆላዋ (ሸዋ ሮቢት)፦

መምህር ያሉትን እኔ በላቤ ተምሬዋለሁ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። በገባሁ በሳምንቴ እንግዳ መጣና ቡና እንድቀዳ ታዘዝኩ። የእነርሱ ፊንጃል ከእኛ ሲኒም ያነሰች ናት፤ እኔም እናቴ እንዳስተማረችኝ ሁሉንም ጢም አድርጌ ሞላኋቸው። እመቤቲቱ ምንም ሳትናገር ወደ ማድ ቤት ጠራችኝና እንግዳን ከቤቷ እንዳባረርኩባት ነገረችኝ። በእነርሱ ዘንድ ቡና የሚቀዳው ከፊንጃሏ ሥር ጥቂት ብቻ ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀጂዋ ደጋግማ ትቀዳለች፣ እንግዳውም በመቀመጡ ደስ እንደሚላቸው ያውቃል። ሙሉ ፊንጃል ግን «ይህን ጠጣና ሂድ» ማለት ነው። ጀበናው በግራ እጅ ይያዛል፤ ፊንጃሉ በቀኝ ይሰጣል፤ በግራ መስጠት ነውር ነው።

ማቆሚያው ደግሞ ሌላ አሳፈረኝ። አንድ አዛውንት ባዶ ፊንጃላቸውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ ሲያደርጉት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ መስሎኝ ደግፌያቸው ቀዳሁላቸው። እንደገና ነቀነቁ፤ እንደገና ቀዳሁ። ለካ «በቃኝ» ማለታቸው ነበር። ልጆቹ ሲስቁ አዛውንቱ «ተዉአት፣ የደግ ሰው ልጅ ናት» አሉና ሦስተኛውን ጠጡልኝ። ያቺን ቃላቸውን እስካሁን አልረሳኋትም። በቡና ብቻ አያበቃም፤ ቀጥሎ ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ይመጣል፣ እርሱም ቢሆን አፉ ድረስ አይሞላም።

ዛሬ በራሴ ቤት ግን ለጎረቤቶቼ ሙሉ ነው የምቀዳው። ግማሽ ብርጭቆ ባቀርብ «ዐረብ አገር ከርማ መሰሰት ተማረች» ይሉኛል እንጂ ሥርዓት ዐወቀች የሚለኝ የለም። እህቴ ላልሆነችው እህቴ፣ ለእናትህ ማለቴ ነው፣ የምመክራት ለሰዉ እንደ ሰዉ መቅዳት እንደሚቻል ነው።

ባለ ሻይ ቤቱ (ደብረ ብርሃን)፦

መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቤት አለኝ። የተከበሩ መምህርን ባልቃወማቸውም ሰባት እጅ የሚሉት ነገር እኔ ጋ አይሠራም፤ ከጣት ያነሰ ቦታ ትቼ ካቀረብኩ ደንበኛዬ «ይህ ጎድሏል» ብሎ ይመልሰዋል። ሙሉ ብርጭቆ በቤት ደግነት ቢሆንም በሻይ ቤት ሒሳብ ነው። ስፕሪስ የሚያዝ ደንበኛ ደግሞ የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ስኳር የገባበት ሻይ ስለሚከብድ ከሥር ይቆያል፣ ስኳር ያልገባበት ቡና በቀስታ ሲፈስበት ከላይ ይንሳፈፋል፣ መስመሩ ካልታየው አይቀበልም። በባዶ ቦታ ላይ መስመር አይታይም።

ስለ አፈላሉ ግን የምለው አለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ውኃችን የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ቱርክ በባሕር ዳርቻ የለመደው ውኃ 100 ዲግሪ ደርሶ የሚፈላ ነው። ጥቁር ሻይ ደግሞ ጣዕሙን በደንብ የሚሰጠው በጣም በፈላ ውኃ ነው። የፈላ ውኃ በቅጠል ላይ ገልብጠን ብናቀርብ እዚህ አገር ሻዩ ሳይበስል ይበርዳል፤ እናቶቻችን ቅጠሉን ከነውኃው እሳት ላይ የሚያቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ለቱርኩ እንደ አገሩ ማቅረብ ከፈለጋችሁ ውሽውሽ ወይም ጉማሮ የበቀለውን የአገራችንን ቅጠል ያለ ቅመም በትንሽ ማንቆርቆሪያ አድርጉና በሚንተከተክ ውኃ አፍ ላይ ደግፋችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ቅርንፉድ ከገባበት የቅጠሉ ጣዕም ስለሚሸፈን እንዲያውም ርካሹ ቅጠል ይበቃል፤ ይህን የምናገረው ግን ደንበኞቼ እንዳይሰሙ ነው። ስኳሩን በጎን ስጡት። ብርጭቆውን አሳንሱት፤ እናት እንደ ልቧ ሞልታ ደጋግማ ብትቀዳም እንግዳው አይጎዳም።

ጡረተኛው መምህር (አንኮበር)፦

ባለ ሻይ ቤቱ ወንድሜ ስለ ብርጭቆው ማነስ የተናገሩት እኔ ከዘረዘርኩት ሁሉ ይበልጣል። እኔ እናት አቀዳዷን እንድትለውጥ ስመክር እርሳቸው ብርጭቆውን ለወጡት።

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሹን ለእናቴ ከማንበቤ በፊት የአልዩ አምባውን ታሪክ አስቀደምኩ፤ መምህር እንደገመቱት ነገሩን ያለዘበው እርሱ ነው። የጣቱን ነገር ስትሰማ «እኔ ስቸኩል እርሱ እጅ ይነሳኝ ኖሯል?» ብላ አዘነች፤ የሸዋ ሮቢቷ እህታችን አዛውንት የተናገሩትን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ትንንሾቹን ብርጭቆዎች ከቁም ሣጥን አውጥታ አጠበች፤ ለሠርጓ የተሰጧት ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ሻይ ቀርቦባቸው አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ቱርኩን መልሼ ጋበዝኩት፤ ቻይናዊው ሥራ ላይ ስለነበር አልመጣም። ቅጠሉን ያለ ቅመም በሚንተከተከው ውኃ ላይ ደግፈን አበሰልነው፤ ስኳሩም በጎን ቀረበ። ሰውዬው ቀምሶ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ግን ያለፈው ዓይነት ቅጠል፣ ያ የሚሸተው፣ አልቆ እንደሆነ በእኔ በኩል አስጠየቃት። እናቴ ጦስኙን ለማምጣት ከተቀመጠችበት ስትነሣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ልገልጸው አልችልም። ሦስተኛውን ጨርሶ ማንኪያውን አጋደመ። ሁላችንም እናቴን አየናት። እርሷም ማንኪያውን አየችው፣ ሰውዬውን አየችው፣ ከዚያም «ማንኪያውስ ገብቶኛል፤ በሞቴ ግን» አለችና ማንኪያውን በቀስታ አንስታ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ቀዳችለት።